አንድ መኮንን ከሱሪናም ጫካ ስለጻፈው የጦርነት ምስክርነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካፒቴን ጆን ጋብርኤል ስቴድማን ከ1773 እስከ 1777 በደቡብ አሜሪካ፣ በሆላንድ ቅኝ ግዛት በሱሪናም ዘምቶ ነበር። የዘመተውም ከባርነት አምልጠው ጫካ ውስጥ መንደር በመሠረቱ ሰዎች ላይ ነው። በኋላ የዘመቻውን ታሪክ በሁለት ትላልቅ ጥራዞች አሳተመው። እዚህ የቀረቡት ጥያቄዎች መጽሐፉን የሚያነቡ፣ ወይም ስለ እሱ የሰሙ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስቴድማን ማን ነበር? ሱሪናምስ ምን ወሰደው?

በ1744 ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ በምትገኘው በዴንደርሞንደ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለሆላንድ መንግሥት ያገለግል በነበረው የስኮትላንዳውያን ብርጌድ መኮንን ነበር፤ እናቱ ሆላንዳዊት ነበረች። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በዚያው ብርጌድ ገባ። አባቱ ከሞተ በኋላ ዕዳ ስለበዛበት፣ በ1772 ወደ ሱሪናም ለሚላከው የበጎ ፈቃደኞች ጦር ተመዘገበ። የጦሩ አዛዥ ሉዊ ሄንሪ ፉርዡ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ኮሎኔል ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በጎረቤቷ በበርቢስ ቅኝ ግዛት በ1763 የተነሣውን የባሪያዎች አመፅ ለማፈን በተደረገው ዘመቻ ተካፍሏል። መርከቦቹ በታኅሣሥ 1772 መጨረሻ ከሆላንድ ተነሥተው በየካቲት 1773 መጀመሪያ ሱሪናም ደረሱ።

ስለዚህ ስቴድማን አገሩን ለመከላከል የዘመተ ሰው አልነበረም። ለደመወዝና ለማዕረግ የሄደ ቅጥር መኮንን ነበር፤ ይህን ያልያዘ አንባቢ መጽሐፉን በትክክል ሊረዳው አይችልም።

የተዋጉት ከእነማን ጋር ነው? «ማሩን» ማለትስ ምን ማለት ነው?

ሱሪናም ከ1667 ጀምሮ በሆላንዳውያን እጅ የነበረች፣ በወንዞቿ ዳርና ዳር ስኳርና ቡና የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች የተደረደሩባት አገር ነበረች። ሥራውን በሙሉ የሚሠሩት ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከእርሻዎቹ ጀርባ ያለው ጫካ ማለቂያ የሌለው በመሆኑ፣ ግርፋቱና ሥራው የመረረው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ወደዚያ መጥፋት ይችል ነበር። ብዙዎችም ጠፉ። በጫካው ውስጥ ተሰባስበው መንደር ሠሩ፣ አረሱ፣ ወለዱ፤ ጠመንጃና ባሩድ፣ መጥረቢያና ሴቶችን ፍለጋም እየተመለሱ እርሻዎቹን ወረሩ።

«ማሩን» የሚለው ስያሜ የመጣው «ሲማሮን» ከሚለው የስፓኝ ቃል ነው፤ ቃሉ ቀድሞ ከበረት አምልጠው ዱር ለለመዱ ከብቶች ይነገር ነበር። ስቴድማን ራሱ በአብዛኛው «አመፀኞች» ይላቸዋል። በአማርኛ «ሸፈቱ» ብሎ መተርጎም ያጓጓል፤ ቃላችን ቀማኛንም በደል ደርሶበት ጫካ የገባን ሰውም ስለሚይዝ ለነገሩ ቅርብ ነው። ሆኖም ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስበት ቀዬና የሚታረቀው ባለሥልጣን አለው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከኋላቸው የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም። ስለዚህ እዚህ ላይ «ማሩን» የሚለውን እንዳለ መያዝ ተመርጧል።

ከአንዳንዶቹ ማሩኖች ጋር ሰላም ወርዶ ሳለ፣ ከሌሎቹ ጋር ጦርነቱ ለምን ቀጠለ?

ቅኝ ገዢዎቹ ለብዙ ዓመታት ተዋግተው ማሸነፍ ስላቃታቸው በ1760 ከንዱካዎች፣ በ1762 ከሳራማካዎች፣ በ1767 ደግሞ ከማታዋዮች ጋር የሰላም ውል ተዋዋሉ። ውሉ ነጻነታቸውን አወቀላቸው፤ በየጊዜው ስጦታ እንዲላክላቸውም ተስማማ። በምላሹ ግን ከዚያ በኋላ የሚያመልጥ ማንኛውም ሰው ወደ እነሱ ቢመጣ ይዘው እንዲመልሱ ግዴታ ገቡ። ስለዚህ ከውሉ በኋላ የሸሸ ሰው የሚጠጋበት አጣ። በኮቲካ ወንዝ አካባቢ ቦኒ በተባለ መሪ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች ውል ያልተዋዋሉ፣ ለእርሻዎቹም እጅግ የቀረቡ ነበሩ። መንግሥቱ ከእነዚህ ጋርም ከተስማማ ማምለጥ ለሌላው ሁሉ ምሳሌ ይሆናል ብሎ ፈራ፤ በዚህ ምክንያት ሰላም ለትልልቆቹ ተሰጥቶ ለትንሹ ተከለከለ።

መሪዎቻቸው እነማን ነበሩ?

ስሞቻቸው ከሚታወቁት መካከል ቦኒ፣ ባሮንና ዦሊ ኬር ይገኛሉ። ስለ ቦኒ የሚነገረው እናቱ እርጉዝ ሳለች አምልጣ ጫካ ውስጥ እንደወለደችው ነው። የባሮን ታሪክ በስቴድማን መጽሐፍ ውስጥ በሰፊው ተጽፏል። ባሮን የአንድ ስዊድናዊ ባለ እርሻ ባሪያ ነበር፤ ጌታው ማንበብና መጻፍ፣ ግንበኝነትም አስተማረው፣ ወደ ሆላንድም ይዞት ሄደ፣ ሲመለሱም ነጻነቱን ሊሰጠው ቃል ገባለት። ሱሪናም በደረሱ ጊዜ ግን ሸጠው። ባሮን ለአዲሱ ጌታ አልሠራም አለ፤ በአደባባይ ተገረፈ፤ ከዚያም ጫካ ገብቶ አውሮፓውያንን ሁሉ ሊበቀል ማለ። ስቴድማን ይህን ሲተርክ ለባሮን ያዝንለታል፤ ታሪኩን ጽፎ ሲጨርስ ግን እሱን ማሳደዱን ይቀጥላል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው።

ዘመቻው በተግባር ምን ይመስል ነበር?

ጦርነት ከሚባል ይልቅ ረግረግ ውስጥ መርመስመስ ቢባል ይቀላል። ጦሩ በደረሰ ጊዜ የማሩኖቹ ዋና ምሽግ ቡኩ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በመስከረም 1772 ተይዞ ነበር። ቡኩ በረግረግ የተከበበ፣ የሚደረስበትም ከውሃ በታች በተደበቀ መንገድ ብቻ የነበረ ቦታ ነው፤ ያንን መንገድ ካላወቁ መግባት አይቻልም ነበር። ድሉ ስለተገኘ አገረ ገዢው ያን ኔፕቩ አዲሱ ጦር እምብዛም አያስፈልግም ብሎ ያስብ ነበር። ወታደሮቹም የመጀመሪያዎቹን ወራት በዋና ከተማይቱ በፓራማሪቦ በግብዣና በመጠጥ አሳለፉ።

ሥራው ሲጀመር ስቴድማን በኮቲካ ወንዝ ላይ የሚመላለሱ ሁለት ጀልባዎች እንዲያዝ ተመደበ። ጀልባዎቹን በግሪክ አፈ ታሪክ ሙታንን በሚያሻግረው ባለ ታንኳና የሲኦልን በር በሚጠብቀው ውሻ ስም «ካሮን» እና «ሰርበረስ» ብሎ ሰየማቸው፤ በኋላ ግን «ድንገተኛ ሞት» እና «ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ» ቢባሉ ይሻላቸው ነበር ሲል ጽፏል። ሰዎቹ አንድ ማሩን ሳያዩ በንዳድ፣ በተቅማጥና በቁስል ያልቁ ነበር። የእግር ጉዞውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከፊት በባርነት የተያዙ ሰዎች በመጥረቢያ መንገድ ይመነጥራሉ፣ ሌሎች በራሳቸው ላይ ስንቅ ተሸክመው ይከተላሉ፤ ወታደሩ እስከ ወገቡ በውሃ ውስጥ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ይራመዳል፤ ሲመሽ በሁለት ዛፎች መካከል በተንጠለጠለ የገመድ አልጋ ይተኛል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የሙጃሌ ነገር ነው። ስቴድማን ሙጃሌ እግር ውስጥ ገብታ እንዴት እንደምታቆስልና ችላ የተባለ እግር እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ በዝርዝር ጽፏል። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲያነብ አፍሪካዊ ነገር ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሙጃሌ የአሜሪካ ተባይ ናት፤ ወደ አፍሪካ ተሻግራ የተዛመተችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ስቴድማን በሕይወት የተረፈው አንድ አፍሪካዊ ሽማግሌ የነገሩትን ስለፈጸመ መሆኑን ይናገራል። ምክራቸው ሦስት ነገር ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ መታጠብ፣ በባዶ እግር መሄድን መልመድ፣ ልብስን ማቅለል። ጓደኞቹ መኮንኖች በባዶ እግሩ ሳቁበት፤ አብዛኞቹ ግን በዚያው ቀሩ።

በጋዶ ሳቢ ምን ሆነ?

በነሐሴ 1775 የፉርዡ ጦር ጋዶ ሳቢ የተባለውን የቦኒን መንደር አጠቃ። ስቴድማን ስሙን «የሚያውቀኝ አምላክ ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አያውቀኝም» ብሎ ይፈታዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይህ ክፍል ነው።

ወታደሮቹ ረግረጉን ተሻግረው ሲወጡ ከፊታቸው የደረሰ ሩዝ የተዘረጋበት ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ መቶ የሚጠጉ ቤቶች ያሉት መንደር አዩ። ተኩሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። የማሩኖቹ ጥይት እርሳስ ሳይሆን አብዛኛው ጠጠር፣ የኮት ቁልፍና የብር ሳንቲም ስለነበር ቆዳን ከመብሳት ብዙም አላለፈም፤ ስቴድማን ብዙ ሰው ያልሞተበትን ምክንያት በዚህ ያስረዳል። መንደሩ ሊያዝ በቀረበ ጊዜ፣ የደበዘዘ የወርቅ ጥልፍ ያለበት ባርኔጣ የደፋ አንድ የማሩን አለቃ የሚነድ ጭድ ይዞ ወደ ኋላ ቀረ፤ በጠላቱ ፊት የራሱን መንደር ከዳር እስከ ዳር አቃጠለው። እሳቱ ወታደሮቹን አገደ፤ ሕዝቡም በዚያ መካከል አመለጠ።

ሌሊቱን ሙሉ ከጫካው ውስጥ ተኩስና ጩኸት አልተቋረጠም። ወታደሮቹ መልሶ ማጥቃት መሰላቸው። እውነቱ የታወቀው ሲነጋ ነው፤ ተኩሱ እየተሰማ ሴቶቹና ልጆቹ ሩዝ፣ ያምና ካሳቫ በቅርጫት እየሞሉ ለስደት ይዘጋጁ ነበር። ስቴድማን ይህን የማንኛውም የአውሮፓ ጄኔራል ሊመካበት የሚችል ብልሃት አድርጎ ያደንቀዋል፤ ከዚያ ሩዙ እንዲወድም መታዘዙን ይጽፋል።

ማሩኖቹ ራሳቸው ምን ይሉ ነበር? ድምፃቸው በመጽሐፉ ውስጥ ይሰማል?

ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማውም በዚያው የጋዶ ሳቢ ሌሊት ነው። ሁለቱ ወገኖች በጨለማ ውስጥ ሆነው ይነጋገሩ ነበር። ማሩኖቹ በቅኝ ገዢው ወገን የተሰለፉትን ጥቁር ወታደሮች ፈሪዎችና ወገናቸውን የሸጡ ከሃዲዎች እያሉ ሰደቧቸው፤ ወጥተው ፊት ለፊት እንዲገጥሟቸውም ጠየቁ። ለአውሮፓውያኑ ወታደሮች የነበራቸው ቃል ግን ከስድብ ይልቅ ወደ ሐዘኔታ ያደላ ነበር። እናንተ ከእኛ ይልቅ የምታሳዝኑ ናችሁ፣ በቀን አራት ሳንቲም ለመገደልና ለመራብ የተገዛችሁ ነጭ ባሪያዎች ናችሁ አሏቸው፤ ባሩዳቸውንም እንደ እነሱ ባለ የወፍ ማስፈራሪያ ላይ ማባከን እንደማይፈልጉ፣ ባለ እርሻዎቹና ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ጫካ ቢገቡ ግን አንድም ሰው እንደማይመለስ ነገሯቸው።

የዘመቻውን ባሕርይ ከዚህ ባጭሩ የገለጸ አረፍተ ነገር በሁለቱ ጥራዞች ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ የተናገረውም ጸሐፊው ሳይሆን ጠላቱ ነው። ስቴድማን ንግግሩን ጽፎ መልስ ሳይሰጠው ያልፋል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መልስ ሊሰጠው አይችልም ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

በቅኝ ገዢው ወገን የተዋጉት ጥቁር ወታደሮች እነማን ነበሩ?

በ1772 መንግሥቱ ወደ 300 የሚጠጉ ጠንካራ ወንዶችን ከባለ እርሻዎቹ ገዝቶ ነጻ አወጣቸውና አስታጠቃቸው። በሚያደርጉት ቀይ ቆብ ምክንያት «ሬዲ ሙሱ» ተባሉ፤ ትርጉሙም «ቀይ ቆብ» ነው። ለአገልግሎታቸው ነጻነት፣ ደመወዝና በፓራማሪቦ ዳር የቤት መሥሪያ ቦታ ያገኙ ነበር፤ የሰፈሩ ስም «ፍሪማንግሮን»፣ ማለትም «የነጻ ሰዎች መሬት» ሆኖ ቀርቷል። የቡኩን ስውር መንገድ ያገኙት እነሱ ናቸው። ከአውሮፓ የመጡትን ወታደሮች ሁሉ ቢደምሩ የእነሱን ያህል አልሠሩም፤ ይህን ስቴድማንም አልሸሸገም።

ጭካኔያቸውንም ጽፏል። ለተገደለ ማሩን ቀኝ እጅ ቅኝ ግዛቱ 25 ፍሎሪን ይከፍል ስለነበር የሬሳ እጅ መቁረጥ የተለመደ ነበር። ሆኖም ዋጋውን የቆረጠው ማን እንደሆነ መርሳት አይገባም። ለእነዚህ ሰዎች የቀረበላቸው ምርጫ በሸንኮራ ወፍጮ ሥር መሞት ወይም ወንድምን ማደን ነበር፤ ባሮንም ዦሊ ኬርም ከዚያው እርሻ ሕይወት የወጡ ናቸው።

ስለ ጆዋና የተጻፈው እውነት ነው?

ጆዋና የስቴድማን ልጅ እናት ናት። በተገናኙ ጊዜ ዕድሜዋ 15 ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከአንድ ባለ እርሻና በባርነት ከተያዘች ሴት የተወለደች ባሪያ ነበረች። በመጽሐፉ ውስጥ ታሪኩ እንደ ፍቅር ተረት ይነበባል፤ ጀግናው ያያታል፣ ይወዳታል፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። በየቀኑ ይጽፍ የነበረው ማስታወሻ ግን ደረቅ ነው። በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከልጅቱ እናት ጋር ስለ ዋጋ መነጋገሩን ይመዘግባል። በቅኝ ግዛቱ ውስጥ አውሮፓውያን ወንዶች ለቆይታቸው ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ስምምነት ሴት መያዛቸው የተለመደ ነበር፤ ማስታወሻው የሚያሳየው ይህንኑ ልማድ ነው፤ የፍቅር ተረቱ ከ10 ዓመታት በላይ ቆይቶ በእንግሊዝ አገር የተጻፈ ነው።

ይህ ማለት ግን ምንም መውደድ አልነበረም ማለት አይደለም። ስቴድማን ሊገዛትና ነጻ ሊያወጣት ገንዘብ አልነበረውም፤ አንዲት ባለጸጋ ሴት ገንዘቡን አበደረችው፤ ጆዋናም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ከአበዳሪዋ ጋር እንድትቆይ ራሷ ወሰነች። ወንድ ልጃቸው ጆኒ ነጻ ወጣ። በ1777 ጦሩ ሲመለስ ወደ አውሮፓ እንድትከተለው ለመናት፤ እሷ ግን አልሄደችም። እዚያ ብትሄድ ትናቃለች፣ እዚህ ግን ወገን አላት የሚል ነበር መልሷ። በ1782 ሞተች፤ ተመርዛ ነው የሚል ወሬም ለስቴድማን ደረሰው። በዚያው ዓመት እሱ አንዲት ሆላንዳዊት አግብቶ ነበር። ጆኒ ወደ አባቱ መጥቶ አደገ፤ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ በጃማይካ አቅራቢያ ባሕር ላይ ሞተ።

ስቴድማን የባሪያ ንግድ ተቃዋሚ ነበር?

አልነበረም። ግርፋቱን፣ በአደባባይ አጥንት እየሰበሩ መግደሉን፣ የተቆጣጣሪዎችን ጭካኔ በዝርዝርና በቁጣ ጽፏል፤ ነገር ግን መፍትሔው ባርነትን ማስቀረት ሳይሆን ማሻሻል ነው ብሎ ያምን ነበር። መጽሐፉ በ1796 ሲወጣ በእንግሊዝ አገር ስለ ባሪያ ንግድ የሚካሄደው ክርክር ጦፎ ስለነበር፣ የባርነት ተቃዋሚዎች እሱ ያላሰበውን መደምደሚያ ከራሱ ገጾች ውስጥ አወጡ።

መጽሐፉ ሁለት ዓይነት አለው የሚባለው ለምንድን ነው?

ስቴድማን የእጅ ጽሑፉን በ1790 ጨርሶ ለለንደኑ አሳታሚ ለጆሴፍ ጆንሰን ሰጠ። አሳታሚው ዊልያም ቶምሰን ለተባለ አርታኢ አስረከበው፤ አርታኢው ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀየረው። ቋንቋውን ለማሳመር ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም። በባርነት ለተያዙት ሰዎች የነበረው ርኅራኄ ቀነሰ፤ ለባለ እርሻዎቹ የሚያደላ አስተያየት ተጨመረ፤ ስለ ጆዋና የተጻፈውም ተለወጠ። ስቴድማን የታተመውን ሲያይ ተናደደ፤ የተወሰነውን አቃጥሎ እንደገና እንዲጀመር አስገደደ። በ1797፣ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሞተ። ዋናው የእጅ ጽሑፍ በዩናይትድ ስቴትስ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ፣ በ1988 በሁለት አንትሮፖሎጂስቶች፣ በሪቻርድና በሳሊ ፕራይስ አዘጋጅነት ለአንባቢ ቀረበ። ስለዚህ ማንም ሰው «ስቴድማን እንዲህ ብሏል» ብሎ ሲጠቅስ ከየትኛው እንደወሰደ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሥዕሎቹስ? በጎድን አጥንቱ ስለተንጠለጠለው ሰው የሚታወቀው ሥዕል በዓይን የታየ ነገር ነው?

መጽሐፉ 80 ሥዕሎች አሉት። መነሻቸው ስቴድማን ራሱ በቦታው የነደፋቸው ንድፎች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ 16ቱን የቀረጸው ገጣሚውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክ ነው። በጎድን አጥንቱ በመንጠቆ ተሰቅሎ በሕይወት ያለ ሰው የሚያሳየው ከሁሉ ይበልጥ የታወቀ ሲሆን፣ ስቴድማን ግን ያንን አላየም፤ በሌላ ቅጣት ላይ ቆሞ ሳለ አጠገቡ የነበረ ሰው ቀደም ብሎ ያየውን ነገረው። በዓይኑ ያየውን ከሰማው የሚለይ ሐረግ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ከጽሑፉ ተነጥሎ የሚሰራጨው ሥዕል ግን ያንን ሐረግ ይዞ አይሄድም።

በመጨረሻ ማን አሸነፈ?

እንደ ስቴድማን ቆጠራ ጦሩ 21 መንደሮችና 200 የእርሻ ቦታዎች አውድሟል። በዚያው ቆጠራ፣ ከሄዱት ወደ 1,200 የሚጠጉ ወታደሮች ውስጥ ወደ አገራቸው የተመለሱት መቶ አይሞሉም። ከማሩኖቹ በጥይት የተገደሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ቦኒና ሕዝቡ ማሮኒ የተባለውን የድንበር ወንዝ ተሻግረው ወደ ፈረንሳይ ጊያና ገቡ። ቅኝ ግዛቱም በእርሻዎቹ ጀርባ በጥበቃ ኬላ የታጠረ፣ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጥርጊያ መንገድ አበጀ፤ ይኸውም ጫካውን አላሸነፍኩትም፣ አጠርኩበት እንደማለት ነው። ጦርነቱ በ1789 እንደገና ተነሣ። በ1793 ቦኒ ተገደለ፤ የገደሉትም ወታደሮች ሳይሆኑ በ1760 ውል የገቡት ንዱካዎች ናቸው።

ስቴድማን ከጻፈው ውስጥ ለዛሬ ተመራማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው የቱ ነው?

ውጊያው ሳይሆን ጓዳው ይመስለኛል። ማሩኖቹ ከተምር ዓይነት ዛፍ አመድ ጨው ያወጡ እንደነበር፣ ከዛፍ ትል ስብና ከለውዝ ቅቤ ያነጥሩ እንደነበር፣ ከዘንባባ ጠጅ፣ ከሸክላ ድስት፣ ከቅል ኩባያ ይሠሩ እንደነበር የምናውቀው ስንቁ ያለቀበትና የጠላቱን ማሳ ሲያይ የሚገረም መኮንን ስለቆጠረልን ነው። ለማውደም የሄደ ሰው ያወደመውን ነገር መዘገበ።

የቦኒ ሰዎች ዘሮች ዛሬ አሉኩ ይባላሉ፤ በፈረንሳይ ጊያና፣ በማሪፓሱላና በፓፓይሽቶን አካባቢ ይኖራሉ። በሱሪናምና በጊያና ባሉ የማሩን መንደሮች ሴቶች አሁንም ሩዝ ይዘራሉ፤ ከእስያው ሩዝ ሌላ በምዕራብ አፍሪካ የተላመደው የአፍሪካ ሩዝም በእርሻዎቻቸው ተገኝቷል። አንዳንዱን ዘር በአያት ቅድመ አያቶቻቸው ስም ይጠሩታል። እንዴት እንደመጣ ሲጠየቁም፣ እናቶቻችን ሲሸሹ ፍሬውን በጸጉራቸው ሹሩባ ውስጥ ደብቀው አመጡት ይላሉ።